ስለ አቶ አያልነህ ገብረማርያም ዕረፍትና ስለ ተከለለው ግጦሽ

ወረታ፣ መስከረም 13 ቀን 1960 ዓ.ም.

የወረታና አካባቢው ገበሬዎች መረዳጃ ማኅበር፣ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው አባላችን አቶ አያልነህ ገብረማርያም በወባ ታመው ከትናንት በስቲያ ማረፋቸውን ለአባላቱና ለፎገራ ሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ከእሳቸው ጋር ክርክር ላይ ነበርን። ክርክሩ ሳይቋጭ ሞት ቀደመን፤ ይህም ሐዘኑን አክብዶብናል።

አቶ አያልነህ ከቄስ ገብረማርያም ወልዴና ከወይዘሮ ይታይሽ አንለይ በወረታና በይፋግ መካከል ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ቀጥለው፣ በውጭ አገር ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1953 ዓ.ም. ተመለሱ። በዋናው ከተማ ሥራ እየተጠበቀላቸው የፎገራን ማገዶ ሊያጠኑ መጡ። ብዙዎቻችን ሳቅን፤ ለኩበት ባሕር ማዶ መሻገር ምን አመጣው አልን።

በ1955 ዓ.ም. ጥናታቸውን ለጉባኤያችን አቀረቡ። ሜዳችን እንጨት ስለሌለው ኩበት እናነዳለን፤ ኩበቱ ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል፤ እህሉ ሲቀንስ የጎደለውን ለመሙላት ግጦሹ ይታረሳል። «ምድጃችን ማሳችንን እየበላው ነው» አሉ። መፍትሔው ከግጦሹ ከፍ ያለውን ዳርቻ ከልሎ ባሕር ዛፍ መትከል፣ ፍጉንም ለመሬቱ መመለስ መሆኑን አስረዱ።

በ1956 ዓ.ም. ጉባኤው ፈቀደ፤ በሐምሌ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አልነበረንም። የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳውን ውሃ ይውጠዋል፤ ከብቱ የሚሸሽበት ደረቅ መሬት ደግሞ ያው የተከለለው ዳርቻ ነበር።

በዚህ ክረምት ውሃው ባሰ። ላሞች አጥሩ ሥር ተኮልኩለው ይጮኹ ጀመር። በነሐሴ አያሌ አባላት አጥሩ ይፍረስ ሲሉ አመለከቱ፤ ከአመልካቾቹ አንዷ የአቶ አያልነህ እናት ወይዘሮ ይታይሽ ነበሩ። ማመልከቻው በጉባኤ ሲነበብ አቶ አያልነህ የእናታቸውን ስም ሰሙ። «እውነት ነው፤ ላሞቹ ተርበዋል። እኔ የምለምናችሁ ዛፉ ለማገዶ እስኪደርስ ሁለት ዓመት ነው» ብለው ተቀመጡ። ነገሩን በድምፅ ለመቁረጥ ለነገ ቀጠሮ ይዘን ነበር።

ለለቅሶ ቤት ማገዶ የሚያዋጣው ጎረቤት መሆኑ የታወቀ ነው። ትናንት ከቀብር መልስ፣ ሟች የተከሉት ዛፍ ለራሳቸው ለቅሶ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ተነሣ። በዚያው ሰበብ አጥሩን ከፍቶ ከብት ለማስገባት የተዘጋጀ ሰው እንደነበረም ማኅበሩ አይደብቅም። ወይዘሮ ይታይሽ መጥረቢያ የያዙትን ሰዎች ደጃቸው ላይ አቆሟቸው። «የአጥሩን ነገር አሳቤን አልለወጥሁም፤ ላሞቼን ዛሬም ርቧቸዋል። የልጄ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ግን ዛፉን አትንኩብኝ» አሉ። ሰዎቹ ተመለሱ፤ የለቅሶው ንፍሮም በኩበት ተቀቀለ።

ስለዚህ የነገው ጉባኤ ከአርባቸው በኋላ እንዲሆን ተወስኗል። እስከዚያ አጥሩን የሚነካ አባል፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከማኅበሩ ይሰናበታል። ከብቱ እየራበው ይህን መስማት መራራ መሆኑን እናውቃለን፤ የእኛም ከብት እዚያው ነው ያለው። ጥናቱ ልክ ነው ወይም ስሕተት ነው ብለን ዛሬ አንፈርድም። ለአገራቸው ማሰባቸውን ግን ክርክር ላይ በነበርንበት ጊዜም ተጠራጥረን አናውቅም።

ለወይዘሮ ይታይሽ፣ ለሟች እኅት ለወይዘሮ ጽጌሬዳ፣ አብረዋቸው ለደከሙት ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ያድልልን፤ የሟችንም ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። ገለባ የተረፈው አባል ሁሉ ከነገ ጀምሮ በየተራ አንዳንድ ሸክም ወደ ወይዘሮ ይታይሽ በረት እንዲያደርስ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ባላምባራስ ደሳለው አበረ አዘዋል። ወይዘሮ ይታይሽ በጉባኤው ቀን እንደ ማንኛውም አባል እጃቸውን ያወጣሉ፤ ለየትኛው ወገን እንደሚያወጡ አንጠይቃቸውም። በዚያን ቀን ግን ላሞቻቸው ጠግበው ይዋሉ።