ሁለተኛውና አራተኛው ምት

ወንድማችን ከአውቶቡስ ሾፌሩ አባታችንና በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታችን የካቲት 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤተሰቡ የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ እህታቸው ከእሳቸው በአራት ዓመት አንሳለሁ። አፌን ስፈታ "ጋሼ" በያቸው ተባልኩ፤ እስከ መጨረሻውም በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። ማንዶሊን የጀመሩትም እዚያው ነው። የሙዚቃ ክበቡ ጊታሩንና አኮርዲዮኑን ለተሻሙት ሲያድል፣ ጋሼ ዘግይተው ደርሰው የተረፈችውን አነሡ። ስምንት ክር ሊኖራት ሲገባ አምስት ብቻ የቀራት ማንዶሊን ነበረች። አባታችን "ይቺ ደግሞ የጊታር ጫጩት ናት?" ብለው ሲስቁባቸው ጋሼ መልስ አልሰጡም። ከሬዲዮ ጃዝ እየሰሙ፣ የሰሙትን በዚያችው በጎደለችው ማንዶሊን ላይ ሲፈልጉ ይውሉ ነበር። መልስ አለመስጠት ያኔ ለመደባቸው፤ ኋላም የጎዳቸው እሱ ነው።

በ1965 ዓ.ም. በማተሚያ ቤት የጥራዝ ክፍል ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ድረስ መጽሐፍ ሲሰፉና ሲለብጡ ኖሩ። ጣቶቻቸው ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ ይሸቱ ነበር። መጽሐፍ ላይ የጠራዡ ስም አይጻፍም፤ ያ ያለ ነገር ነው፣ ቅርም አላላቸውም። በ1970 ዓ.ም. በዚያው ክፍል ወረቀት ያጥፉ ከነበሩት ባልደረባቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ1973 ዓ.ም. ባለቤቴ የጃዝ ቡድን አቋቋሙ። ባለቤቴ ቫዮሊን ተጫዋች ናቸው፤ የሶፋ መሸጫም አላቸው። ጊታሩን ጎረቤታችን ጸጉር አስተካካዩ ያዙ፤ ቆመው የሚጫወቱትን ባለ ወፍራም ድምፅ ትልቅ ኮንትራባስ "ረጅሙ" የምንላቸው ቀለም ቀቢ፤ ማንዶሊኑን ደግሞ ጋሼ። ድራም የለም፣ የድምፅ ማጉያ የለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ሶፋዎቹን ወደ ግድግዳ ገፋ አድርገው ይለማመዱ ነበር።

ሙዚቃ ለማታውቁ አንድ ነገር ላስረዳ። ድራም በሌለው በዚህ ቡድን ምቱን የሚይዘው ማንዶሊኑ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ተብሎ ሲቆጠር፣ ጋሼ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ክሮቹን መታ አድርገው ወዲያው በጣታቸው ያፍኗቸዋል፤ ቸክ፣ ቸክ። ሌሎቹ ተራ በተራ ሶሎ ሲጫወቱ በዚያ ላይ ተደላድለው ይሄዳሉ። ልብ የሚለው ግን የለም። የጋሼ ተራ ሲደርስ፣ የማንዶሊን ድምፅ ትንሽ ነውና ሌሎቹ ዝቅ ማለት ነበረባቸው። ባለቤቴ ዝቅ ማለት አያውቁም። ከቫዮሊኑ የተረፈውንም ሶፋው ይመጥጠዋል። የጋሼ ጣቶች ሲሮጡ እናያለን፤ የምንሰማው ቫዮሊን ነው።

አንድ ጊዜ ጋሼ ጉንፋን ጥሏቸው ሦስቱ ያለ እሳቸው ሠርግ ላይ ተጫወቱ። በእርጋታ የጀመሩት መሀሉ ላይ ሶምሶማ ሆነ፣ መጨረሻው ላይ ሩጫ። ሙሽሮቹ መደነስ አቅቷቸው ቁጭ አሉ። ባለቤቴ ጥፋቱን በጸጉር አስተካካዩ ላይ አላከኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የጋሼ ልጅ ጨቅላ ሳለች ሆዷን እየቆረጣት አልተኛም ስትል፣ ጋሼ ታቅፈዋት ደረጃውን እየወጡና እየወረዱ ከራሳቸው ያወጡትን ዜማ ያንጎራጉሩላት ነበር። በኋላ በማንዶሊን አሳምረው ወደ እሑዱ ልምምድ አመጡት። ቡድኑ የታወቀው በዚያ ዜማ ነው። በ1981 ዓ.ም. ሬዲዮ ጣቢያ ተጋብዘው ጋዜጠኛዋ የማን ድርሰት እንደሆነ ስትጠይቅ፣ ባለቤቴ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው "የኔ ነው" አሉ። እኔ ከመስታወቱ ማዶ ቆሜ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ጫማቸውን አዩ፣ ረጅሙ ጣሪያውን። ጋሼ ማንዶሊናቸውን ይወለውሉ ነበር። በካሴቱ ሽፋን ላይም እንደዚያው ታተመ።

ቤት ስንገባ ልናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ወጥ ቤት ድረስ ተከትለውኝ "እቴ፣ ተይው። ለአንድ ዜማ ብለሽ ቤትሽን አትበትኚ። ለልጄም እንዳትነግሪያት፣ አደራ" አሉኝ። የኔ ትዳር እንዳይናጋ ብለው የተወሰደባቸውን ዋጥ አድርገው ኖሩ። ልጃቸውም የገዛ እሹሩሩዋን "የአጎቴ ዘፈን" እያለች አደገች። በየግብዣው ተነሥታ ለአጎቷ ስታጨበጭብ ጋሼ ከኋላ ሆነው ቸክ፣ ቸክ ያደርጋሉ። ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ይቅር አላልኩም።

ባለቤታቸው በ2009 ዓ.ም. ቀድመዋቸው አረፉ። ጋሼም ከሁለት ዓመት ወዲህ በሳንባ ሕመም ተይዘው በሆስፒታልና በቤታቸው ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛው፣ "ያ አደራ እኔ እስክሞት ድረስ ነው" የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በቀብራቸው ላይ ሦስቱ ያንን ዜማ እንዲጫወቱ፣ በእሳቸው ቦታ ግን ማንም እንዳይተካ። ባለቤቴ ይህን ሲሰሙ አለቀሱ፤ ቦታው ባዶ የሚቀረው ለጋሼ ክብር መስሏቸው ነው። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ጋሼ ትንፋሽ እያጠራቸው ሳቅ ብለው "ይሮጣሉ። ያን ጊዜ ሰው ይሰማኛል" ብለውኛል።

ጋሼ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ እኔ፣ ደንቡ ነውና አማቻቸውም ቀርተናል። ባለቤቴ ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ልየው ብለው ነበር፤ አላሳየኋቸውም።

ይህ ተነብቦ ሲያበቃ ሦስቱ ይነሣሉ። አንቺ የወንድሜ ልጅ፣ የምትሰሚው ዜማ ያንቺ ነው፤ አባትሽ ደረጃ ላይ ያወጡልሽ። ሌሎቻችሁም ሲሮጡ ስትሰሙ በመሀል የጎደለውን አድምጡ፤ ወንድሜ እሱ ናቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን፣ ተራቸው ሲደርስ ሌሎቹ ዝቅ በሚሉበት ስፍራ ያሳርፍልን።