የጋሼ ታደሰ ምርቃት

ሳውዝ ሲ፣ ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን 2017

ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም። ዛሬ ጠዋት የከተማው አስተዳደር፣ እዚህ ካውንቲ የሚሉት፣ ስለ ሰፈራችን ሜዳ ነዋሪውን ሰብስቦ ነበር። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ያለን እሱው ብቻ ነው፤ አንድ ባለሀብት ደግሞ ፎቅ ሊሠራበት ፈቃድ ጠይቋል። የባለሀብቱ ሰው ሰሞኑን በየሱቃችን እየዞረ ሲሽቆጠቆጥ ነው የሰነበተው። እኔ ምግብ ቤትም መጥቶ «ማማ፣ ፎቁ ሲያልቅ ደንበኛ ይጎርፍልሻል» ብሎኛል።

ስብሰባው ላይ እየተነሳን ተቃወምን። ደስ ሲል! እኔም በዚያ በተሰባበረ ስዋሂሊዬ ተናግሬ ተጨበጨበልኝ። ሊያልቅ ሲል የእኛ የሐበሾቹ ሽማግሌ ጋሼ ታደሰ፣ ሳይመረቅ አይበተንም ብለው ተነሱ። «ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ!» እኛም እንደ ልማዳችን እጃችንን ዘርግተን «አሜን!»

የካውንቲው ሹም ምን አሉ ብሎ ሲጠይቅ፣ ያ የባለሀብቱ ሰው ቀደም ብሎ «ፕሮጀክቱን ባረኩት» አይለውም! አማርኛ የት ያውቅና! ሹሙም ነዋሪው ተስማምቷል ብሎ ስብሰባውን ዘጋው። ብጮህ ማን ይስማኝ፤ ማይኩን ነቅለውታል።

ውጭ ጋሼን ያዝኳቸው።

«አሁኑኑ ይመለሱና ምርቃቴን አንስቻለሁ ይበሉ!»

«አንቺ አልማዝ፣ ምርቃት እንዴት ይነሳል? ነውር ነው።»

«እንግዲያው ሰኞ ካውንቲው ቢሮ አብረን እንሄዳለን። እርስዎ ዝም ይበሉ፤ መናገሩን ለእኔ ይተዉት።»

ትንሽ አሰቡና፣ «ስንወጣስ? ሰዎቹን ሳንመርቃቸው?» አሉኝ።