ለከላላ ገበያ ብቻ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ውድ ጓደኛዬ መልአኩ፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩልህ እኔው ራሴ ነኝ። ጸሐፊ አልለመንኩም፤ ለተማሪም እንቁላል አልሰጠሁም። በማታው መሠረተ ትምህርት ከእኔ ጋር ከተቀመጡት አርባ ሁለት ገበሬዎች አንደኛ የወጣሁት እኔ አራጌ ነኝ። አስተማሪያችን ሐረግ «እጅህ ሞፈር የለመደ አይመስልም» ብላኛለች። አስከትላ «ፊደሎችህ ግን ሞፈር ይመስላሉ» ማለቷን ሌላ ቀን ቢሆን አልነግርህም ነበር። ዛሬ ግን ግማሹን ብቻ ማንበብ ይብቃን ብያለሁ።

አበቡ በሰላም መገላገሏን፣ ሕፃኑም ወንድ መሆኑን መልእክተኛህ ነገረኝ። እግዚአብሔር ያሳድገው። በአርባ ቀኑ፣ እሑድ ሳምንት፣ ወረኢሉ መጥቼ ክርስትና እንዳነሣልህ ልከህብኛል። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት የፊታችን ሐሙስ ገበሬ ማኅበራችን ፊት እቆማለሁ። ባለፈው ድልደላ መሬት ያልደረሳቸው አቤት ይበሉ ተብሏል። አሁንም ካመለጠኝ እንደገና መቼ እንደሚለካ የሚያውቅ የለም፤ በሠላሳ ዓመቴ የወንድሜ ሎሌ ሆኜ መቅረቴ ነው። ሁለቱ ቀኖች ምን እንደሚያገናኛቸው አንተ ታውቃለህ። እኔ ያወቅሁት ግን ገና ባለፈው ወር ነው።

ቀለበት ውርወራ ስናጫውት የነበረበትን ጊዜ መቼም አትረሳውም። ሣንቃ ላይ ሳሙና፣ መስተዋት፣ ማበጠሪያ፣ ብርሌ እንደረድራለን፤ ሰው ሦስት የሽቦ ቀለበት ወርውሮ ያጠለቀበትን ይወስዳል፣ ያላጠለቀ እጁን እያሻሸ ይሄዳል። ዕቃውን በቅሎዬ፣ ገበያተኛውን ምላሴ ይስብ ነበር። ሚስቱ የላከችውን ጨው ሳይገዛ ማበጠሪያ ይዞ የተመለሰው ራሰ በራ እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

ሕጉ ያኔ እንደ አገራችን ዳገት ነበር፤ ስትወጣ አንድ፣ ስትወርድ ሌላ። ወረኢሉ በበዓል ቀን ባዛሩ ግቢ ውስጥ ይፈቀዳል፤ ከአጥሩ አንድ እርምጃ ስትወጣ ቁማርተኛ ነህ። ማሻ ገበያ ስትሄድ መጀመሪያ ዋስ ጥራ ትባላለህ። የእኛ የመካነ ሰላሙ ማኅበር ደግሞ ጨርሶ ከልክሎ፣ ገበጣ የሚጫወቱ ሽማግሎችን እንኳ ጠጠሩ ጠጠር መሆኑን ያጣራል። ከላላ ብቻ ከገቢው ለመሠረተ ትምህርት ጠመኔና ፋኖስ ግዙ ብሎ በማኅተም ፈቀደልን። የከላላ ሕዝብ ሀ ሁ ያለው በእኔ ቀለበት ነው፤ ይህን ማዕረግ ማንም አይነጥቀኝም።

ማመልከቻውን የጻፍከው አንተ ነህ። የቄስ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ ገና በሰባት ዓመትህ ዳዊት የደገምክ። ፈቃዱ በእኔ ስም እንዲወጣ ስትል ባለ በቅሎው አንተ፣ ባለ ድምፁም አንተ አልከኝ። ስሜ ወረቀት ላይ ሲሰፍር የመጀመሪያው ነበርና ደስ አለኝ። በዚያው ሰሞን ለወረኢሉ ኅብረት ሱቅ ጸሐፊነት መወዳደርህን፣ ቁማር ላይ ስሙ የተገኘ ሰው እንደማይቀጠርም የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የመካነ ሰላምን የቅዳሜ ገበያ እንሞክር አልክ። ፈራሁ። ያን ጊዜ ወረቀቱን ዘርግተህ፣ ጣትህን በመስመሩ እያስኬድክ፣ በዜማ በሚመስል ድምፅ አነበብክልኝ። «ባለፈቃዱ አራጌ ቸኮል በመላው ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ያለ ጊዜ ገደብ ማጫወት ይችላል።»

«እውነት እንዲህ ይላል?» ብዬ ጠየቅሁህ።

«ወላሂ ይላል። ማኅተሙን አታይም እንዴ? አብሽር።»

የቄስ ልጅ ወላሂ ብሎ ሲምል ሳቄ መጣ፤ ስቄም አመንኩ። ማኅተሙንም አየሁት፤ ሰፊ ነው፣ ሐምራዊው ቀለም ወደ ጀርባው ዘልቋል። የእኛ ሰው ማኅተምን የሚመዝነው በቀለሙ ነው፤ ደመቅ ካለ ሩቅ የሚደርስ ይመስለዋል። እንዲህ የደመቀ ማኅተም ከላላ ላይ ሊቆም ነው? እኔ ደሴን ሳይቀር አሻገርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሆዴን ቆረጠኝ ብለህ ቀረህ። እኔ ሣንቃዬን ዘረጋሁ። አብዮት ጥበቃው መጥቶ ሰብስበህ ሂድ አለኝ፤ ከዚህ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣውም። ሰብስቤ ብሄድ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እኔ ግን ያ ሁሉ ገበያተኛ እያየኝ? ደረቴን ነፍቼ የክፍለ ሀገር ፈቃድ የያዘ ሰው ለአንድ ማኅበር አይሰበሰብም አልኩና ወረቀቱን በገዛ እጄ ሰጠሁት። የያዘኝ ያ ወረቀት ነው።

ፍርድ ሸንጎ አቀረቡኝ። ሊቀመንበሩ ሞላ ሁለት ጊዜ አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህን ማን አነበበልህ?»

ስምህ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት። «ራሴ» አልኩ። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ሞላ ግን አልሳቀም። አንብቤዋለሁ ካልክ እያወቅህ ነው የጣስከው፣ ስለዚህ ቅጣቱ ይከብዳል አለ። ሦስት ወር ፈረደብኝ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝና «እንግዲህ ራስህ እስክታነበው ያዘው» አለኝ። ያን ጊዜ ንቀት መስሎኝ ነበር።

ሦስት ወር እርከን ካብኩ። እኔ የካብኩት እርከን ዛሬም ጎርፍ ያልደፈረው ነው፤ መጥተህ ማየት ትችላለህ። አንተም ቆሎ ይዘህ ጠየቅኸኝ፤ ሕግ የጣሱት እነሱ ናቸው እያልክ ዓይንህ እንባ አቀረረ። እንባህ እኔን ብርቱ አደረገኝ። ስምህን አላወጣሁምና በልቤ ኮራሁ። በሰኔ ማኅበሩ ጎጆ ላልወጡ ወጣቶች መሬት ሲሸነሽን ታሳሪ አይመዘገብም ተባለ፤ የእኔ ድርሻ ለሌላ ተለካ። አንተ ወረኢሉ ገባህ፣ አበቡን አገባህ። እኔ ወንድሜ ቤት ቁርበት አንጥፌ እተኛለሁ።

ባለፈው ወር ምስክር ወረቀት ልንቀበል ሳምንት ሲቀረን ሐረግ እያንዳንዳችን ከቤት የተገኘ ወረቀት አምጥተን እንድናነብ አዘዘችን። ሌላው የግብር ደረሰኝ አመጣ። እኔ ያንን ፈቃድ አወጣሁ። የክፍለ ሀገር ደብዳቤ ስሙ ብዬ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተነሣሁ።

«ይህ ፈቃድ ለከላላ ገበያ ብቻ እስከ መጋቢት 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ያገለግላል። ከዚህ ውጭ ሲያጫውት የተገኘ ባለፈቃድ በሕግ ይጠየቃል።»

የተሳሳትኩ መሰለኝ። መሳሳቴን እንደዚያን ቀን ተመኝቼ አላውቅም። ሐረግን አንብቢልኝ አልኳት፤ እሷም ያንኑ አነበበች። ክፍሉ ቀልድ ይጠብቅ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ተቀመጥኩ።

ምስክር ወረቀቴን ይዤ ገበያውን መዞር በጀመርኩ በሳምንቱ መልእክተኛህ ደረሰ። የዋህ ነኝና መጀመሪያ ሆዴ ባባ፤ መልአኩ ንስሐ ገባ፣ ሊክሰኝ ነው አልኩ። እናቴ በለጥሻቸው ግን ምድጃ ዳር እንደ ተቀመጠች «ልጄ፣ አበልጅ አበልጁን ሸንጎ አያቆምም» አለችኝ። እናቴ ፊደል አትለይም። አንተን ግን ከእኔ ቀድማ አነበበችህ።

መልአኩ፣ መታሰሬን እተውልህ ነበር። ለእንጀራህ ፈርተህ ነው ብዬ የመሬቱንም እችለው ነበር ይሆናል። ያልቻልኩት ጣትህን ነው። የሌለውን ቃል እያነበብክ ጣትህ ባለው ቃል ላይ ይሄድ ነበር፤ እኔም በዓይኔ እከተለው ነበር። ክርስትና አባት አፉን ላልፈታ ሕፃን አፍ ሆኖ ሰይጣንን ይክድለታል። ለማያነብ ሰው የሚያነብም እንደዚያው ነው። እኔ ያን ጊዜ በእጅህ ላይ ያለሁ ሕፃን ነበርኩ።

ስለዚህ ልጅህን ክርስትና አላነሣልህም። ጥላቻ እንዳይመስልህ፤ ለእሱ የገዛሁትን ነጭ ሻሽ በመልእክተኛህ ልኬልሃለሁ፣ ይጠቅለልበት። ነገር ግን ክርስትናው አፌን እንዲለጉመው አልፈቅድም።

ሐሙስ ጠዋት ማኅበሩ ዋርካው ሥር ይሰበሰባል። ሞላ የታሰርኩበትን ምክንያት ይጠይቀኛል፤ አሁን «ራሴ» አልልም። መጥተህ ከጎኔ ቁምና ያንን ወረቀት እንደ ተጻፈው ጮክ ብለህ አንብበው። ከመጣህ፣ ሌላው ነገር ከዚያ በኋላ ይታሰባል። ከቀረህም አልለምንህም። እኔው አነበዋለሁ። እንተባተብ ይሆናል፣ ሰዉም ይስቅ ይሆናል፤ አንድ ቃል ግን አልዘልም፣ አንድ ቃልም አልጨምርም።

አውቅህ የነበርኩት
አራጌ ቸኮል
(የጣት አሻራ አይደለም፤ ፊርማ ነው)