የተሰነጠቀው የቀንድ እጀታ

ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህትሽ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትሽ ነው። የምለውን እንዳታሳምረው ነግሬያታለሁ። ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ባልሽስ በርትቷል? ያቺ ጥርስ የምታበቅለው የልጅ ልጄስ ታስተኛችኋለች? እኛ አለን፤ የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል። እኔ ግን ደብዳቤሽ ከተነበበልኝ ወዲህ ሥራዬ ቁጭ ብድግ ሆኗል። እናትሽ ወይ ግባ ወይ ውጣ፣ በሩን አታድክመው ብላኛለች።

ለሥራሽ ብዬ የሰጠሁሽን ቢላ ከድስት ጋር ዘፍዝፈሽ አሳደርሽው፤ እጀታው ነጥቶ ተሰነጠቀ፤ አንቺም በፕላስተር ጠቅልለሽ ማብሰልሽን ቀጠልሽ። የሆቴሉ ወጥ ቤት ሰዎች ባለቀንዷ ይሉኛል አልሽ። ይበሉሽ። ያንን ቀንድ አሙቄ ያቀናሁት፣ ሞርጄ ያለሰለስኩት እኔ ነኝ፤ እንደኔ የሚሠራ ካለ ያሳዩኝ።

ቀንድ እንደ ጥፍር ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አይዘፈዘፍም፣ ማጠቢያ ማሽን አይገባም፣ ምድጃ ዳር አይቀመጥም። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ ወዲያው ታደርቂዋለሽ፤ ሲፈዝ ዘይት ጠብ አድርገሽ በመዳፍሽ ታሺዋለሽ። ስትሄጂ ነግሬሽ ነበር፤ እሺ እሺ ስትይኝ ልብሽ ሻንጣው ላይ ነበር።

ስንጥቁ አይደለም እህል ያስጠላኝ፤ ፕላስተሩ ነው። ውሃውን አፍኖ ይይዝና ብረቱን ከውስጥ ዝገት ይበላዋል፣ አንቺ አታዪውም። አንድ ቀን አጥንት ላይ ጫን ስትይ ስለቱ መዳፍሽ ውስጥ ይዞራል። የአጎትሽ ጣት የማይታጠፈው ለምን መሰለሽ? እንዲሁ የተሰነጠቀ እጀታ በጨርቅ ጠምጥሞ ሥጋ ሲቆርጥ ስለቱ ዞሮበት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ልጄ።

ፕላስተሩን ፍቺው፤ ቢላውን አድርቀሽ ሰው ሲመጣ ላኪልኝ። አዲስ እጀታ አበጅለታለሁ። እጅህ እየተንቀጠቀጠ ብላ ይቺ እህትሽ ትስቃለች፤ ትሳቅ። ቢዘገይም እሠራዋለሁ። እስከዚያው የፕላስቲክ እጀታ ያለው ግዢ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። እህትሽ እስክሪብቶዋን አቁማ አፍጥጣ አየችኝ፤ ጻፊ አልኳት። ቀንድ በቀንድ ይተካል፤ ጣት ከየት ይመጣል?

ባልሽን ሰላም በይልኝ። የትንሿን ጉንጭ ሳሚልኝ። እናትሽ ስማሻለች፤ ወንድምሽም ከነሚስቱ ሰላም ብሎሻል።

ከአባትሽ ቤት፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፪ ብለሽ ጨርሺው፣ አንቺ ጸሐፊ። በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ፕላስቲክ ያልኩበት ስትደርሺ ቶሎ እለፊው፤ እንዳትሰርዢው ግን።