አንዲት ትርፍ «አ»

ማክሰኞ፣ የካቲት 5 ቀን

ይድረስ ለውዷ ባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? የትንሿ ልጃችን እግርስ እንዴት ሆነ? እህትሽ በስልክ «ደኅና ነች» ትለኛለች፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይወጣትም። አልፈርድባትም። ዕቃሽን ሸክፈሽ ስትወጪ «ልጅቷ ጥፋቱ የኔ ነው እያለች ስታለቅስ እየሰማህ ዝም ትላለህ! እውነቱን እስክትናገር ዓይንህን አላይም» ያልሽኝ ይኸው ሰባተኛ ወሩን ያዘ። አሁን ልናገር ነው፤ ግን እንደምታውቂኝ ዙሪያ ጥምዝ ካልሄድኩ አልደርስም።

የሰፈራችን መኪና መንገድ ሰው እንዳይሻገርበት ታጠረልሽ! በመሃሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረት የሚደርስ ብረት ተተከለ። ሰፈሩ ቀውጢ ሆነ። የባለ ዳቦ ቤቷ ደንበኞች ማዶ ቀሩ። ሽማግሌዎቹ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይዞራሉ። እውነታቸውን ነው። ጎሚስታው ደግሞ «እኔን አጥር አያቆመኝም!» ብሎ ሲዘል ሱሪው ብረቱ ላይ ቀርቶ እሱ ብቻውን ተሻገረ። ሳምንት ሙሉ ተሳቀበት።

የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለስብሰባ ሊመጡ ነው ሲባል ሰፈሩ መፈክር ጻፍልን ብሎ እኔ ዘንድ መጣ። ከታፔላ ጸሐፊ ሌላ ማን ጋ ይሂድ? «‹አጥሩ ይነሳ!› በል፤ ምንም እንዳትጨምር» አሉኝ። ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ጻፍኩ፤ ሲደርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

ስብሰባው ላይ ባለ ዳቦ ቤቷና ጎሚስታው ግራና ቀኝ ይዘው በኩራት ዘረጉት። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣችው መሐንዲስ አነበበችና ፊቷ በራ። «እናመሰግናለን፤ እንዲህ የደገፈን ሰፈር የለም» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ጨርቁን አየ። «አጥሩ አይነሳ!» ይላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉድ ሠራኸን!» ብላ ጮኸች ባለ ዳቦ ቤቷ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሆን ብዬ ይሁን አይሁን እኔም አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ አንድ ፊደል ስቼ እንደማላውቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እጄ ያመነበትን ጻፈ መሰለኝ።

ተነሣሁ። «ተሳስቻለሁ፤ ግን አላርመውም» አልኩ። «ልጄ እዚህ መንገድ ላይ የተገጨችው ግራ ቀኝ ሳታይ ሮጣ ነው ብያችሁ ነበር። ውሸቴን ነው። ቀይ ቀለም እንድታመጣ ማዶ ሱቅ ልኬያት፣ ስትመለስ ዳር ቆማ መኪናው እስኪያልፍ ትጠብቅ ነበር። ‹ቶሎ ነይ፣ ሥራው ደረቀብኝ!› ብዬ የጮህኩባት እኔ ነኝ። የአባቷን ቃል ሰምታ ነው የገባችው።»

ይህን ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሻለሁ። በመጨረሻ ጎሚስታው ጨርቁን ሳይለቅ «እንግዲያው አጥሩ ይቁም፤ እኛን ግን አሻግሩን» አለ።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ሌላ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ የእግረኛ ድልድይ ሊሠራ ያሰበው ራቅ ብሎ መናኸሪያው ጋ ነበር። ሽማግሌዎቹ ካርታው ላይ ተደፍተው ተከራክረው ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት አስመጡት። ደረጃ ብቻ አይደለም፤ ጋሪ የሚገፋም፣ እግሩን የሚያመውም ቀስ እያለ የሚወጣበት ተዳፋት አለው። ምሰሶዎቹ ቆመዋል። እኔም በየቀኑ እየሄድኩ ሠራተኞቹን በምክር አሰለቻቸዋለሁ።

ባለ ዳቦ ቤቷ ሁለት ወር አኮረፈችኝ። ትናንት መጥታ «ለእኛስ ነገርከን፤ ለልጅቷ ነገርካት?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚሁ ነው።

ኑ ብዬ አላስጨንቅሽም። ድልድዩን ለማየት ብቻ ብትመጪም በሩ ክፍት ነው፤ ናፍቃችሁኛል። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ ይህችን ለትንሿ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፦

ልጄ፣ አንቺ ግራም ቀኝም አይተሻል። እኔ አይቼሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም፤ የኔ ነበር።

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ እግራችሁን እንቅፋት አይምታው።

አባቷ