ስም የማይጠራበት ክፍል

ጋምቤላ፣ ኅዳር 23 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ያ ራስ ምታት ተወሽ ወይስ አሁንም ሻሽሽን ጥብቅ አድርገሽ እያሰርሽ «ምንም አልሆንኩም» ትያለሽ? እህቴ ሽታዬስ ደህና ናት? ማሽላውን ወፍ ጨረሰው ወይስ ተረፈ? እኔ ከጋምቤላ ሙቀትና ከአንቺ ናፍቆት በቀር ክፉ አልነካኝም። ደብዳቤዬን የሚያነቡልሽ ጋሽ ወንዶሰንም ባሉበት ሰላም ይሁኑ። ጋሽዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያነቡት ጮክ ብለው አያንብቡብኝ፤ መንደር ሰባት ሙሉውን ይሰማል።

በጥቅምት ለገበያ መጥተሽ ያጣሽኝ ጊዜ ለአከራዬ ትተሽልኝ የሄድሽውን ለውዝ እስከ ዛሬ እየቆረጠምኩ ነው። ያን ሳምንት ለሥልጠና መቱ እንደምሄድ ቀደም ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ረስተሽው ነው ብዬ አዘንኩ። ምን ይደረጋል።

አሁን የምሥራቹን ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ እፈነዳለሁ! ዛሬ ጠዋት ተመልሶ መጣ! ማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ግን መጣ! የሥራ ባልደረባዬ ኛባንግና እኔ በሩን ዘግተን እንደ ሕፃን ተቃቅፈን ዘለልን። ዘበኛችን ዲዩ ምን ነካቸው ብሎ በመስኮት ሲያየን እሱም መሳቅ ጀመረ። ከመጀመሪያው ካልጀመርኩልሽ ግን አይገባሽም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ክልሉ ክልል ከሆነ ወዲህ ቢሮው ሁሉ አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ ነው፤ ከአዲሶቹ ሁሉ ትንሿ ደግሞ የእኛ የምርመራና የምክር ክፍል ናት። ሰው ይመጣል፣ ያን በሽታ ፈርቶ ይመጣል፣ እናዋየዋለን፣ ደም ይሰጣል። ደሙ አዲስ አበባ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ካልመጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ባለቤቱ ያልወሰደው ፖስታ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል።

ስም እንዳይታወቅ ብዬ መላ የዘየድኩት እኔ ነኝ። ጎበዝ ነኝ ብዬ! ለሚመጣው ሁሉ በመታወቂያህ ላይ ያለውን ስም አትስጠኝ፣ መዝገብ ያልገባ ሌላ ስም ስጠኝ እለዋለሁ። ከደጋ የመጣነው በቀላሉ ገባን፤ የክርስትና ስማችንን እንሰጣለን፣ እሱን ከቄሱና ከቤት ሰው በቀር ማን ያውቀዋል። አንድ ቀን አንድ ረጅም የኑዌር ወጣት መጣ። ሲገባ ከበሩ ጥግ አልላቀቅ ብሎ ነበር። ሌላ ስም ስጠኝ ስለው ግን ፊቱ በራ፤ ቀና ብሎ አንድ የሚያምር ስም ነገረኝ። እኔም እሰይ ብዬ ካርዱ ላይ ጻፍኩት።

በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ግቢው ሞልቷል፣ ማንጎው ሥር ሃያ ሰው ተቀምጧል። ዲዩ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆሞ የካርዱን ስም ጮክ ብሎ ጠራ። እማዬ፣ ግቢው በአንድ እግሩ ቆመ! ሴቶቹ እልል አሉ፣ ጎረምሶቹ አጨበጨቡ፣ አንዱማ ዘፈኑን ጀመረው። ለካስ የበሬው ስም ነው። የኑዌር ወጣት አባቱ በሬ ሲሰጠው በበሬው ቀለምና ቀንድ ስም ይወጣለታል፤ ጓደኞቹ በሱ ይጠሩታል፣ ይዘፍኑበታል። መታወቂያው ላይ ያለውን ስም ብጽፍ ኖሮ ከግቢው ግማሹ እንኳ ባላወቀው ነበር። እኔ ደብቄው ሞቻለሁ፣ ያገር ሰው ያውቀዋል። ልጁ ካርዱንም ፖስታውንም ትቶ ዞሮ ወጣ። ከሰዓት በኋላ እገሌ ደም ምርመራ ቤት ገባ የሚለው ወሬ ከባሮ ድልድይ ማዶ ደርሶ ነበር።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አለቀስኩ፤ አልደብቅሽም። ያ ሰው እኔን አምኖ ነበር የመጣው።

ኛባንግ ከኢታንግ ተዛውራ ሥራ የጀመረችው በማግስቱ ነው። እሷ ራሷ ኑዌር ናት። የሆነውን ሁሉ ስነግራት መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ቀጥላም እንባዬን ስታይ አጠገቤ ቁጭ አለች። ካርዱን አገላብጣ አየችና «እህቴ፣ ይሄ ስም ድብቅ አይደለም፤ ይሄ ስም ጭፈራ ነው» አለችኝ። ሄደን ይቅርታ እንጠይቀው ስላት ደግሞ ጮኸችብኝ፤ የክፍሉ ሠራተኛ በሩ ላይ ከታየ ወሬውን በማኅተም አጸናነው ማለት ነው አለች። እውነቷን ነው።

ከዚያ ወዲህ ስም የሚባል ነገር ከክፍላችን ወጣ። ካርዱ ባዶ ነው። በመቀስ ጠምዘዝ አድርገን ለሁለት እንቆርጠዋለን፤ ግማሹን ሰውየው ይዞት ይሄዳል፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ይጣበቃል። ሲመለስ ሁለቱን እንገጥማለን፤ ጠርዙ ልክ ከገጠመ ፖስታው የሱ ነው። ማንነቱን እኔም አላውቅ፣ ኛባንግም አታውቅ። ዲዩም መጥራት አቆመ፤ ሰው ጠጋ ብሎ በሩን ያንኳኳል እንጂ አይጠራም። በማንጎው በኩል ደግሞ የኋላ በር አስከፍተናል። ዲዩ በጥፋቱ ከእኔ ብሶ ተጸጽቶ ነበርና በየእሑዱ በቤተ ክርስቲያናቸውም፣ በኳስ ሜዳውም ያ ክፍል ስም መጥራት ትቷል እያለ ያወራል። እና ዛሬ ጠዋት የኋላው በር ተንኳኳ። ልጁ ነው! ፖስታውን ወስዶ፣ ከኛባንግ ጋር ብዙ ተነጋግሮ ሲወጣ፣ በሬው ሰላም ብሎሻል ብሎኝ ሄደ። ውስጡ ምን እንዳለ አልነግርሽም፤ መምጣቱ ብቻ ይበቃኛል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሽታዬን ለጋብቻ የሚጠይቃት፣ በአልዌሮ ግድብ የሚሠራው ልጅ እኛ ዘንድ መጥቶ እንደሆነ አጣሪልኝ ብለሻል። እማዬ፣ አልችልም። መጥቷልም አልልሽ፣ አልመጣምም አልልሽ። ዛሬ ስለ አንዱ አልመጣም ካልኩሽ፣ ነገ ስለ ሌላው ዝም ስል ዝምታዬ ወሬ ይሆናል። ከፈለጉ ሁለቱም አብረው ይምጡና እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ። ተቆጪኝ፣ ግድ የለም፤ ስትቆጪኝ ኖረሽ የለ።

ከደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ግን ጋሽ ወንዶሰን ጥግ ላይ ያጨቋት አንዲት ጥያቄ አለች፤ «ወረቀቶቹን ሁሉ የምታዪያቸው አንቺ ነሽ ወይ?» የምትል። መጀመሪያ አልፌያት ነበር። ለሷ ግን በደንብ ልመልስልሽ።

ከድሮው አሠራር የቀሩ፣ ስም ያለባቸው ፖስታዎች አሥራ አንድ ነበሩ፤ ከዛሬ ጀምሮ አሥር ናቸው። ባለቤቶቻቸው አልተመለሱም። ባለፈው ሳምንት ሳስተካክላቸው አንዱን አየሁና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የጻፈችው መቱ ሳለሁ እኔን ተክታ የሠራችው ሲስተር ከይሪያ ናት። ስሙን አውቀዋለሁ። ከይሪያ የማን መሆኑን አታውቅም፣ ማንም አያውቅም። ፖስታው እንደታሸገ ነው። የሣጥኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነበር፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ እጄም ነክቶት ነበር። አልዋሽሽም፣ ነክቶት ነበር። አባዬ ያን ሁሉ ወር ሲያስልና ሲከሳ፣ የሚያዋየን ሰው አጥተን እርስ በርሳችን እንኳ ሳንነጋገር መቅበራችን ትዝ አለኝ።

አልከፈትኩትም። ኛባንግን ጠርቼ ከእነዚህ ውስጥ የማውቀው ሰው አለ አልኳት። የትኛው ብላ አልጠየቀችኝም። ቁልፉን ከአንገቴ አወለቀችና ከጨሌዋ ጋር አንገቷ ላይ አጠለቀችው። ስለዚህ እማዬ፣ ወረቀቶቹን የማያቸው እኔ አይደለሁም። ብፈልግም አልችልም። ያ ሰው መጥቶ ፖስታውን ቢወስድና አንድ ቀን ቢነግረኝ አብሬው እቆማለሁ፤ ባይነግረኝም ፊቴ አይጠቁርበትም፣ ፍቅሬም በአንድ ጥሬ አይጎድልም። ብቻ ይምጣ። ይህን ያህል ሌሊት ብቻውን አያስብ።

ሌላው ወሬዬ፣ ከታኅሣሥ 11 እስከ 18 ኢታንግ ነኝ፤ እዚያም እንዲህ ያለ ክፍል እንክፈት ብለውን ላሳያቸው ነው። ካርድ መቁረጥ ላስተምር ነው፣ ታምኛለሽ? ያን ሳምንት ለገበያ ብትመጪ አታገኚኝም፤ አሁን ደግሞ እንዳትረሺ። ፀሐዩ ከበረታብሽ ግን በማንጎው በኩል ግቢያችን ገብተሽ አረፍ በይ። ኛባንግ አታውቅሽም፤ ማን ነሽ ብላም አትጠይቅም፣ ውኃ ትሰጥሻለች። በድሮው አሠራር የመጡ እንግዶች ስማቸውን በጆሮዋ ሹክ ካሏት ይበቃታል። አይሱዙው ከአቦቦ ሐሙስና ቅዳሜ ይነሣል።

የአባዬን አምላክ፣ ደጋውን አስለቅቆ በዚህ ሙቀት ያኖረንን አምላክ፣ ጤናሽን እንዲጠብቅልኝ ዕለት ዕለት እለምናለሁ። በረከትሽ አይለየኝ። ያቺን ሻሽ ላላ አድርጊያት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለቄሱ ስምሽን ሰጥቼ ጸሎት አስይዤልሻለሁ። የትኛውን ስምሽን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

የምትወድሽ የመጀመሪያ ልጅሽ