አስፍታ የምትቆርጠው እህቴ

ጥቅምት 6

ጥፋቱ የታናሽ እህቴ ነው። ሌላ ማንንም አልወቅስም። እግዜርንም አልወቅስም፤ እሱ የራሱ ስንት ሥራ አለበት።

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው ነው። መስኮቱን ከፈትኩ። የስፌት መኪናውን ጠረግሁ፣ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። የጀመርኩትን የዳቦ ቅርጫት ጨረስኩ። እሷ ሳትሄድ የቆረጠችው የመጨረሻው ነው። ላዩ አበባ ያለበት ጨርቅ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ውስጡ ነጭ ገበር። ሦስቱን ደራርቦ በሰያፍ፣ መስመር በመስመር መስፋት… ያኔ ጨርቁ ይደነድናል። ቅርጫት ሆኖ ራሱን ችሎ ይቆማል። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ዕድሜያችን ያለቀው እንዲህ ነው፤ በአንድ ጠረጴዛ።

አሁን አገባች። በዚህ ዕድሜዋ! ሰው ጥርስ በሚያስተክልበት ዕድሜ ባል አመጣች። ያውም ፍራሽ ሠሪውን። ከፍራሽ የተረፈውን ጥጥ እያመጣ በነፃ ይሰጠን ነበር። ደግ ሰው መስሎኝ! ለካ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ጥጡን አስቀምጦ እህቴን ይዞ ሄደ። ስሙን አልጠራም። ፍራሹ ነው የምለው።

እሷ ትምህርት ቤት እንድትሄድ ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ልጄ የምትሆን አስተማሪ ፊት ቁጭ ብዬ። እሷ ግን በጊዜው ተማረች። ተምራ ምን ሠራች? ፍራሽ አገባች።

ጥቅምት 9

የላይኛዋ ጎረቤቴ መጣች። ሬዲዮ ነው የምንላት። አንዴ ከተከፈተች መዝጊያዋ አይገኝም።

«ብቻሽን ነሽ እንዴ?»

«አይ፣ መንደሩ ሁሉ እዚህ ነው። አልጋ ሥር ተደብቀው ነው።»

«ኧረ ከሰው ጋር ስታወሪ ሰምቼ ነው! ‹አንቺ ደንቆሮ› ስትዪ…»

ስሰፋ እናገራለሁ። ለእህቴ ነው የምናገረው። «ጠመኔውን የት ጣልሽው?» «መብራቱን አትከልይኝ።» «አንቺን ብሎ ቆራጭ።» ልማድ ነው። አሁን መልስ የለም። ድሮም ብዙ አትመልስም ነበር… ብቻ መቀሱ ይሰማ ነበር።

ጥቅምት 12

የሕፃናት ማቆያዋ ኃላፊ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ሁሉን ሰው «እማማ» የምትል። መደርደሪያ አሠርታለች። በየሳጥኑ የሚገባ የጨርቅ ቅርጫት ትፈልጋለች፤ ለየልጁ አንድ፣ ካልሲና ቅያሪ ልብስ መያዣ። ሁሉም እኩል እንዲሆን አለች፣ ልክ ሳጥኑን የሚሞላ።

«ለሁለታችሁ ሥራ አይበዛም አይደል እማማ?»

«አይበዛም» አልኳት።

ምን ልበል? እህቴ ፍራሽ ላይ ናት ልበል?

ይህን ሥራ ከጨረስኩ ያለ እሷ መኖር እንደምችል ይታወቃል። ሰፈሩም ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች። ካልጨረስኩ… እሱን አልጽፍም። ደግሞ እኮ ስትሰማ ራሷ ትመጣለች። እንዲህ ያለ ሥራ መጥቶላት ቤቷ ትቀመጣለች? አትቀመጥም። ወንበሯን ከግድግዳው አውጥቼ ጠረጴዛው ጋ አስጠጋሁት። ለማንኛውም ነው።

ጥቅምት 15

አልመጣችም።

ልኩ ከሳጥኑ ጋር የሚገጥም፣ እሷ የቆረጠችው አሮጌ ቅርጫት ነበረኝ፤ እሱን አንስቼ ስፌቱን ፈታሁት። ግድግዳውን ለብቻ፣ ቂጡን ለብቻ ዘረጋሁ። በዚያ ልክ አዲሱ ጨርቅ ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። ልክ በልኩ ቆረጥኩ። ምን ይከብዳል? ይሄን ብላ ነው ዕድሜ ልኳን ስትኮራ የኖረችው?

እሷ ደግሞ አባካኝ ናት። ሁልጊዜ አስፍታ ነው የምትቆርጠው። እኔ መስመሩን ሰፍቼ ስመልስላት ዙሪያውን ሸርክታ ትጥላለች። ጥሩ ጨርቅ! ጠዋት ማታ እናገራት ነበር። «የአባትሽ ፋብሪካ አለ?» እላት ነበር። ዛሬ አንድ ብጣሽ አልጣልኩም። ወለሉ ንጹሕ ነው።

ጥቅምት 17

ዘመመ።

ጥቅምት 19

ሌላ ሠራሁ። ይሄም ዘመመ። ቂጡ ይሰፋል፣ ግድግዳው ያጥራል። ስገጥማቸው ግድግዳው ዞሮ አይደርስም። ጎትቼ አደረስኩት። ተጨማደደ፣ አንድ ጎኑ ተንሻፈፈ። ሦስተኛውን ስሠራ ጨርቁን ቀየርኩ። ምናልባት ጨርቁ ርካሽ ይሆናል ብዬ። ያው ነው። ጥጡን አሳሳሁ። ያው ነው። ያንኑ ልክ ቆርጬ እንዴት ሌላ ልክ ይወጣል? ጠመኔው ነው? ዓይኔ ነው? ቤቱ ነው የተጠመመው?

ለእሷ ቀጥ ብሎ የሚቆም ጨርቅ ለእኔ ለምን ይዘምማል… እሷን አወቀና እኔን ናቀ?

ጥቅምት 22

ፍራሹ መጣ። በጆንያ ጥጥ ተሸክሟል። ጥጥ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር አለ።

«እትዬ፣ እንደምን አሉ? ጥጥ አልቆብዎት ይሆናል ብዬ ነው።»

«ባለፈው ጥጥ አምጥተህ ምን እንደወሰድህ አልረሳሁም። አሁን የቀረኝ የስፌት መኪናው ነው።»

ሳቀ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ትሰድበዋለህ፣ ይስቃል። ፍራሽ ብትመታው አቧራ ነው እንጂ ድምፅ የለውም።

«እሷም ሰላም ብላዎታለች።»

«ለምን? እግሯን ምን ነካው?»

«ደህና ናት። ብቻ…»

«ብቻ ምን? ተናገር እንጂ፣ ጥጥ ጎርሰሃል?»

«እትዬ ከጠራችኝ እመጣለሁ፤ ሳትጠራኝ አልሄድም ብላለች።»

ጆንያህን ይዘህ ውጣ አልኩት። በሩ ላይ ትቶት ሄደ። የታችኛው ቤት ድመት ተኛችበት።

እኔ ልጥራት? ሕይወቷን ሙሉ ስጠራት አልነበር እንዴ? ተነሺ፣ ብዪ፣ ቁረጪ፣ አምጪ… ስሟን ከእኔ በላይ የጠራ ማን አለ? አሁን ደግሞ በወግ፣ እንደ እንግዳ ትጠራ?

ጥቅምት 25

የተሻሉትን መርጬ ሕፃናት ማቆያው ወሰድኩ። አንዱ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ባዶ ቦታ ተረፈው። አንዱ አፉ ተጣሞ አልገባም አለ። አንዱ ገባ፤ ግን ጎኑን ደገፍ ብሎ፣ ጥርስ እንደሚያመው ሰው።

ሴትዮዋ ደግ ናት፣ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እማማ፣ እህትዎ አሟቸዋል እንዴ?»

«አላመማትም።»

«እሳቸው አይተውት ቢሆን… እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ። ከዚያ በላይ ግን ልጆቹ ልብሳቸው መሬት ላይ ነው።»

እሳቸው አይተውት ቢሆን። እኔ ቆሜ!

መንገድ ላይ ቅርጫቶቹን እንደ ሌባ በነጠላዬ ሸፍኜ ተመለስኩ።

ጥቅምት 26

ጠራኋት። በላይ ቤቷ ሬዲዮ አስነገርኩ።

ጥቅምት 28

መጣች።

አዲስ ሻርፕ ለብሳለች። ወፈር ብላለች። አልተነሳሁላትም፤ መርፌ ይዣለሁ። መርፌው ክር አልነበረበትም።

ቅርጫቶቹን ግድግዳ ሥር ደርድሬያቸው ነበር። አየቻቸው። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«እትዬ! እነዚህ ምንድን ናቸው? ከሠርግ የሚመለሱ ሰካራሞች?»

እኔም ልስቅ ነበር። ዋጥኩት።

«በምን ለካሽው?» አለችኝ።

«ያንቺን ፈትቼ። ልክ በልኩ። እንዳንቺ ጨርቅ አላባከንኩም።»

ሳቋን አቆመች።

«እትዬ… ስፌት ጨርቅ ይበላል እኮ። መስመር በሰፋሽ ቁጥር ይሰበሰባል። ጥጡ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ግድግዳው ረጅም ነው፣ መስመር ይበዛበታል፤ እሱ የበለጠ ያጥራል። ለዚህ ነው አስፍቼ የምቆርጠው። ልኩ የሚወጣው ከተሰፋ በኋላ ነው። ያን ትርፍ የምሸረክተው ጠግቤ መስሎሻል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩሽ። ስንቴ ነገርኩሽ። እኔ ስናገር አንቺም ትናገሪያለሽ። ሁለት ሰው ተናግሮ ማን ይሰማል?»

መቀሱን አነሳች። ጨርቁን በመዳፏ ደልደል አድርጋ፣ ሳትለካ፣ እንዲያው በዓይኗ አስፍታ ቆረጠች። እኔ ሰፋሁ። ሸረከተችው፣ እኔ ገጠምኩት። ቆመ። ሌላም ቆረጠች። አፌን ዘግቼ ሰፋሁ፤ እንዲህ ዝም ብዬ ሰፍቼ አላውቅም። ጥርሴን ነክሼ ነው። ምናልባት ትቆያለች ብዬ ነው።

ከዚያ ብጥስጣሹን ከጉልበቷ አራግፋ ሻርፗን ለበሰች።

«ወንበርሽ አለ» አልኳት።

«አየሁት።»

«ጠዋት ጠዋት ብትመጪስ? ባልሽን ተዪው አላልኩም። ማታ ለሱ፣ ቀን ለኔ።» እንዲህ ስል ራሴን ሰማሁት። እኔ ለማኝ!

«አልመጣም እትዬ።»

«እሱ ነው የከለከለሽ?»

«እሱ ምን አገባው።» በሩን ይዛ ቆማለች። «ሰው ሁሉ በስተርጅና ባል አማራት ይላል። አንቺም ያልሽው ደርሶኛል። ባል አልነበረም ያማረኝ። ዝም የሚል ቤት ነው ያማረኝ። ቀኑን ሙሉ ጥጥ ሲነድፍ ይውላል። ማታ ‹ደከመሽ?› ይለኛል። በቃ። እንዲህ ይኖራል ለካ… አላውቅም ነበር።»

«እኔ ምን በደልኩሽ?»

መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ልጅ እንደሚሳም። በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ጥቅምት 29

ምን ማለቷ ነው? ምላሴ ነው ማለቷ ነው?

ምላሴ ምን አደረጋት? እናታችን ስትሞት ማን አሳደጋት? በዝምታ ነው ልጅ የሚያድገው? «እሳቱን ተጠንቀቂ» የሚላት ማን ነበር? «ከዚያ ልጅ ጋር እንዳላይሽ» የሚላትስ? ከዚያ ልጅ አስጥዬ አዳንኳት። ከሌላውም አዳንኳት። አድኜ አድኜ ለፍራሽ አቆየኋት!

ሰው ውለታ አያውቅም።

ዛሬ አልሰፋሁም። ጣቴ ደህና ነው፣ መብራትም አለ። እንዲያው አልሰፋሁም።

ኅዳር 3

የሕፃናት ማቆያውን ሥራ በተማርኩት ዘዴ ጀምሬ ነበር። አስፍቼ ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ ከዚያ ልኩን አውጥቼ። ቀስ እያልኩ ነው፤ መቀስ የለመደ እጅ አይደለም። ሬዲዮ በመስኮት አንገቷን አስገብታ፦

«ሰማሽ? ፕላስቲክ ገዙ። ሰማያዊ። ዛሬ በመኪና ሲያወርዱ አየሁ።»

«ይግዙ።»

«ያንቺ ሰሞኑን የያዝሽው ታዲያ?»

«ልቀበርበት ነው። ዝጊው መስኮቱን።»

ቀኑ አልፎ ነበር። ሴትዮዋ አልዋሸችኝም። ልጆቹም ልብሳቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ አገኙ። እነሱ ላይ ምን ቂም እይዛለሁ? አንዲት እህት ናት ያለችኝ፣ ቂሜም ለእሷ ብቻ ነው። ለሌላ አይተርፍም።

ማታ የእሷን ወንበር ወደ ግድግዳው መለስኩት። ከዚያ ደግሞ አወጣሁት። ከዚያ ለሬዲዮ ሰጠኋት፤ እሷ ቤት የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም።

ኅዳር 8

ማዘዣ የለም። እንዲያው እጄ ሥራ እንዳይፈታ አንድ ቅርጫት ቆረጥኩ። ማንም አላዘዘውም። ሰማያዊ ጨርቅ፣ ነጭ ገበር። አስፍቼ ቆረጥኩ፣ መስመሩን ጠበቅ አድርጌ ሰፋሁ፣ ዙሪያውን ሸረከትኩ። ያን ሁሉ ጥሩ ጨርቅ ወለል ላይ ጣልኩት። ቂጡን ገጠምኩ። አገላበጥኩት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ቆመ። ቀጥ ብሎ። ከእሷ የማይተናነስ። ጉድ ነው፤ ብቻዬን ቻልኩት።

«አየሽ?» አልኩ። «አየሽ አንቺ አባካኝ? ይሄም ያቅተኛል ብለሽ ነበር! እስቲ ነይና እንከን አውጪለት፣ እስቲ ነይ…»

ድምፄ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ባዶ ክፍል ውስጥ እንዲህ ይጮሃል እንዴ? ላይ ቤት ሬዲዮ እግሯን ገታ አድርጋ ስታዳምጥ ተሰማኝ። ያቺ ወሬኛ እንኳ ዝም ብላ ሰማችኝ። መጨረሻዬ ይሄ ሆነ።

ቅርጫቱ ውስጥ የማስቀምጠው ነገር ፈለግሁ። ዳቦ ለአንድ ሰው ሩብ ነው፣ በጨርቅ ይጠቀለላል። ካልሲዬ ሁለት ጥንድ ነው። ባዶውን ተውኩት።

ጥፋቱ አሁንም የእሷ ነው። ይህን አልሰርዝም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ስሰፋ አልናገርም። አንድም ቃል።